አድቫይዘሬ «ኢትዮጵያን ተያት» አሉኝ

«እንደምን ሰነበቱ? የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ለሲኒየር ኤሴይ የመረጥኩት የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን ‹ራሴላስ› ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የአቢሲኒያ መሳፍንት አማራ በሚባል ግዛት፣ ዙሪያውን በተራራ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶባቸው ይኖራሉ ይላል። መግቢያው አንድ ብቻ ነው። አያቴ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ትሄዳለች። ‹ድሮ የነገሥታት ልጆች እዚያ ይጠበቁ ነበር፤ በሩ አንድ ነው› እያለች ነው ያሳደገችኝ። እናም ‹የጆንሰን ሸለቆ የተገለበጠ ግሸን ነው› ብዬ ፕሮፖዛል ጻፍኩ።

«አድቫይዘሬ አልተቀበሉትም። ‹አቢሲኒያ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ መጋረጃ ናት። መጽሐፉ ስለ ሰው ልጅ ደስታ ነው። ኢትዮጵያን ተያት› አሉኝ። ከፍቶኝ ወደ ሌላ መምህርት ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ‹አገራችንን ሳያያት የጻፈባት ፈረንጅ ነው። በድኅረ ቅኝ አገዛዝ ንድፈ ሐሳብ አፍርጪው› አሉኝ። ጓደኞቼ ‹ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም ልክ ነው። አድቫይዘርሽ ያሉሽን ጽፈሽ ተመረቂ› ይሉኛል። እውነት ሁሉም ልክ ነው? ካልሆነስ ልኩን የሚወስነው ማነው? ፕሮፖዛሉን አስተካክዬ የማስገባው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

ተማሪዋ፣ ከደሴ»

እህቴ፣ ከሳቅሽ ልጀምር። የ1759 መጽሐፍ እያነበበ ብቻውን የሳቀ ሰው አንድ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተበላሸው፣ ያገኘሽውን ነገር ለአድቫይዘርሽ ያቀረብሽበት መንገድ ይመስለኛል። አንቺ «የተገለበጠ ግሸን ነው» ስትያቸው እሳቸው የሰሙት «መጽሐፉ የኛ ነው» የሚለውን ነው። አንዱ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። ሌላው የሠርግ ዘፈን ነው።

ታሪኩን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገር። ራሴላስ የአቢሲኒያ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ ነው። የሚኖርበት ሸለቆ የጎደለው ነገር የለም። እሱ ግን ሰለቸው። ኢምላክ ከሚባል ባለቅኔ ጋር ተወዳጀ። ከእህቱ ከነካያና ከእሷ ባልንጀራ ከፐኩዋ ጋር ተራራውን ሰርስረው አመለጡ። ካይሮ ገቡ። ደስተኛ ኑሮ የሚኖር ሰው ፍለጋ ከባሕታዊ እስከ ባለጸጋ፣ ከፈላስፋ እስከ ባለትዳር አዳረሱ። አላገኙም። በመጨረሻ አባይ ሞልቶ ቤት ዘጋባቸው። ተቀምጠው ምኞታቸውን አወሩ፤ ምኞቱ እንደማይሳካም አወቁ። ጎርፉ ሲጎድል ወደ አቢሲኒያ ለመመለስ ወሰኑ። አለቀ። የመጨረሻው፣ የ49ኛው ምዕራፍ ርዕስ «ምንም ያልተደመደመበት መደምደሚያ» ነው። ደራሲው ራሱ እንዲህ ብሎ የዘጋውን መጽሐፍ ምሁራን ከ250 ዓመት በላይ ቢጨቃጨቁበት ምን ይገርማል?

አሁን ወደ አድቫይዘርሽ። ሰውየው ያሉት ነገር ከኪሳቸው የወጣ አይደለም። የጆንሰንን ሕይወት የጻፈው ቦዝዌል ራሱ መጽሐፉን ያነበበው እንደዚያ ነው፦ ይህ ዓለም አያረካም፤ ተስፋችሁን ወደ ዘላለማዊው አድርጉ። ከሱ በኋላ የመጣው ብዙ ሰውም ተከተለው። ደግሞ እውነት ለመናገር፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የኛን ኑሮ ፈልጊ ብትባዪ ትቸገሪያለሽ። ታቦት የለም። ግዕዝ የለም። እንጀራ የለም። ሰዎቹ ሁሉ እንደ ጆንሰን ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። ቁርስ ላይም ሳይቀር።

ግን «መጋረጃ ናት» የሚለው ቃል ከባድ ነው። መጋረጃ ከሆነ፣ ማንኛውም መጋረጃ ይሆናል ማለት ነው። ፋርስም ቻይናም ብታደርጊው ለውጥ የለውም ማለት ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። ጆንሰን ያን መጽሐፍ የጻፈው በጥር 1759፣ እናቱ በሞቱበት ሰሞን፣ ለቀብር የሚሆን ገንዘብ ፈልጎ ነው። ቦዝዌል በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ጨረሰው ይለናል። መቶ ፓውንድ አገኘበት። እንዲህ የሚጣደፍ ሰው እጁ ያለበትን ነው የሚያነሣው። የሱ እጅ ደግሞ ከ24 ዓመት በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1735 የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳትሟል። የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው። አምስት ጊኒ ተከፈለው። አልጋ ላይ ተኝቶ እየተናገረ ጓደኛው ይጽፍለት ነበር ይባላል፤ ስንፍናውን አልደበቀም።

ሎቦ ውስጥ የአፄ ሱስንዮስ ጦር አዛዥ አለ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ። በፈረንጅ እጅ ገብቶ «ራሴላ ክርስቶስ» ሆኗል። «ራስ» ማዕረግ መሆኑ ጠፍቶ ከስሙ ጋር ተጣብቋል። ክርስቶስን ቁረጪና የቀረውን አንብቢ። አየሽ? ኢምላክ የሚለውንም ስም አንዳንዶች ከይኩኖ አምላክ ያመጡታል፤ በጀርመናዊው ሊቅ በሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በኩል። የሉዶልፍ ዋና መምህር ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በ1652 ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄደው ያስተማሩት። የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ካንቺ አገር፣ ከወሎ! ይሄን ለአያትሽ ንገሪያቸው።

ስለዚህ «የኢትዮጵያን ነገር ላንሣ» ማለትሽ አዲስ እብደት አይደለም። በ1963 ዶናልድ ሎክሃርት የሚባል ተመራማሪ «የኃያሉ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ» በሚል ርዕስ ይህንኑ ጉዳይ ገፋበት። ጆንሰን ያነበበው ሎቦን ብቻ አይደለም፤ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ሌሎች መጻሕፍትንም አገላብጧል የሚል ነው ክርክሩ። በ2012 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸር የባሰ ነገር ይዛ መጣች። በልጅነቷ ጎንደር የኖረች ሴት ናት። እሷ የምትለው፣ ጆንሰን ኢትዮጵያን ወስዶ ተጠቀመባት ሳይሆን የኢትዮጵያ አስተሳሰብ ጆንሰን ላይ ሰፈረበት ነው። መንፈስ ሰው ላይ እንደሚሰፍረው። በኛ ቋንቋ ዛሩ ተነሣበት ልትይው ትችያለሽ። ሁሉም አልተቀበላትም። እኔም ቦታ ቦታ ላይ «እንዴ፣ ቀስ በይ» እያልኩ ነው ያነበብኳት። ግን መጽሐፉ አለ፣ በትልቅ ማተሚያ ቤት ወጥቷል። ፕሮፖዛልሽ ላይ ሎክሃርትንና ቤልቸርን ጠቅሰሽ ነበር? ደብዳቤሽ አይልም። ካልጠቀስሽ፣ አድቫይዘርሽ ያዩት የአያትሽን ወሬ ብቻ ነው። እኔም ብሆን እመልሰው ነበር።

ሳቅሽም ምስክር አለው። ራሴላስ እንደ ከባድ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ሲነበብ ኖሮ፣ በ1956 አልቪን ዊትሊ የሚባል ሰው «የራሴላስ ኮሜዲ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሰዎቹ በራሳቸው ላይ የሚሠሩት ቀልድ አይታያችሁም ወይ ነው ነገሩ። ለምሳሌ አሥረኛው ምዕራፍ ላይ ኢምላክ ባለቅኔ ምን ምን ማወቅ እንዳለበት ይዘረዝራል። ተክሉን፣ እንስሳውን፣ የሕዝቡን ጠባይ፣ ቋንቋውን፣ ሳይንሱን። ባለቅኔ የአበባውን መስመር አይቆጥርም፤ ጠቅላላውን ነው የሚያየው ይላል። ይህች አንቀጽ «የጆንሰን የግጥም ፍልስፍና» ተብላ ስንት ቦታ ተጠቅሳለች! የሚቀጥለው ምዕራፍ ሲከፈት ግን ራሴላስ ያቋርጠዋል። በቃህ፣ ማንም ሰው ባለቅኔ ሊሆን እንደማይችል አሳምነኸኛል ይለዋል። እንግዲህ የተናገረው ማነው? ጆንሰን ነው ወይስ በጆንሰን የተቀለደበት ኢምላክ?

ይቺን ጥያቄ ያዢያት። «ማነው የሚናገረው?» የምትለዋን። ወደ ሁለተኛዋ መምህርትሽ ስንሄድ ታስፈልግሻለች።

እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ምዕራፍ 11 ላይ ያለውን ደግመሽ አንብቢው። ራሴላስ ይጠይቃል፦ አውሮፓውያን በምን ኃይል ነው እንዲህ የበረቱት? እነሱ ለንግድም ለወረራም ወደ እስያና ወደ አፍሪካ እንደልባቸው ከመጡ፣ እስያውያንና አፍሪካውያን ለምን ወደነሱ ባሕር ዳርቻ ሄደው አይወሩም? ለምን በወደቦቻቸው ቅኝ ግዛት አይተክሉም፣ ለመኳንንቶቻቸውስ ሕግ አያወጡም? ከዚያ የምትገርመዋ መስመር ትመጣለች፦ እነሱን ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው ነፋስ እኛንም ወደዚያ ያደርሰን ነበር።

በ1759 የተጻፈ ነው። የምትናገረው የሐበሻ መስፍን አፍ ናት። እኔ መጀመሪያ ሳነባት መጽሐፉን ዘግቼ ቡና አፈላሁ።

ግን መልሱን ተመልከቺ። ኢምላክ «ከኛ ይበልጥ ብልህ ስለሆኑ ነው» ይላል። ዕውቀት ድንቁርናን ይገዛል፤ ሰው እንስሳን እንደሚገዛ። ዕውቀታቸው ለምን ከኛ እንደበለጠ ግን ከማይመረመረው የፈጣሪ ፈቃድ በቀር ምክንያት አላውቅለትም ብሎ ይዘጋዋል። መምህርትሽ ይቺን ይዘው «ይኸው!» ሊሉ ይችላሉ። ጥሩ ማስረጃ ነው። አድቫይዘርሽ ደግሞ «ጥያቄውን ያስጠየቀውስ ማነው? ያው ጆንሰን አይደል?» ሊሉ ይችላሉ። እሱም ጥሩ ነው። እኔ የምልሽ፣ ጥያቄው ከመልሱ ይበልጣል። መልሱ በፈጣሪ ስም የተዘጋ በር ነው። ነፋሱ ግን አሁንም እየነፈሰ ነው።

«አፍርጪው» የሚለውን ምክር ግን ተጠንቀቂ። የራሴን ጉድ ልንገርሽ። እኔም በጊዜዬ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ በጆሴፍ ኮንራድ «የጨለማ ልብ» ላይ። ያን ጊዜ ናይጄሪያዊውን ደራሲ ቺኑዋ አቼቤን አግኝቼ ጠጥቼው ነበር። አቼቤ በ1975 አሜሪካ፣ አምኸርስት ላይ ባደረገው ንግግር ኮንራድ ዘረኛ ነው ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። አፍሪካን መድረክ አድርጎ አፍሪካዊውን ሰው ከመድረኩ አጠፋው ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ያንን መጽሐፍ አቼቤን ሳያነሡ ማስተማር ከባድ ሆነ። እኔ ሃምሳ ገጽ ጻፍኩ። ዲፌንስ ላይ ከፈታኞቹ አንዱ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ልጄ፣ ኮንራድን አንብበሽዋል?» አሉኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። ግማሹን ነበር ያነበብኩት። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ታሪኩን የሚተርከው ማርሎ ነው። የማርሎን ትረካ ደግሞ ሌላ ሰው ሰምቶ ነው የሚነግረን። ታዲያ ዘረኛው ማነው? ማርሎ፣ ሰሚው ወይስ ኮንራድ?» መልስ አልነበረኝም። አቼቤ ግን መልስ ነበረው! ይህችን የሁለት ተራኪ ነገር ራሱ አንሥቶ፣ ኮንራድ ከማርሎ የተለየ አመለካከት እንዳለው የሚያሳይ ምልክት መጽሐፉ ውስጥ አላስቀመጠም ብሎ ተከራክሮባታል። እኔ አቼቤንም በደንብ አላነበብኩም ነበር ማለት ነው። ቁጣውን ተውሼ ሥራውን ተውኩት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ንድፈ ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አንቺ የራስሽ ጤፍ ቤትሽ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ነው።

«ሁሉም ልክ ነው ወይ?» ላልሽው፣ አይደለም። ራሴላስ በመጨረሻ ደስታን አገኘ ብለሽ ብትጽፊ ተሳስተሻል፤ ማንም አያድንሽም። «ደራሲው ያሰበው ብቻ ነው ልክ» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። በ1946 ዊምሳትና ቢርድስሊ የሚባሉ አሜሪካውያን ምሁራን የደራሲውን ሐሳብ መዳኛ አታድርጉት፣ ጽሑፉን አንብቡ አሉ። የሚገርምሽ ዊምሳት ራሱ የጆንሰን ሊቅ ነበር፤ ስለ ራሴላስም ጽፏል። በ1967 ሄርሽ የሚባለው ደግሞ ተነሥቶ፣ የደራሲው ሐሳብ ከተጣለ በምን እንለካለን ብሎ ሞገተ። ይህ ጭቅጭቅ አያልቅም። አንቺም በሁለት ሳምንት አትጨርሺውም። ከሄርሽ ግን አንድ የምትጠቅምሽ ነገር ውሰጂ። የጽሑፉ ትርጉም አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉ ለኛ ያለው ፋይዳ ሌላ ነው ይላል።

ይህቺ ልዩነት ከስንት ጉድ እንደምታድንሽ ላሳይሽ። ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ኢምላክ የትውልድ አገሩን ይናገራል። «ጎያማ» ይላል፣ ከአባይ ምንጭ ብዙም ሳይርቅ። ጎጃም ነው! እንግዲህ ጆንሰን ባለቅኔውን ጎጃሜ አድርጎታል። የቅኔ አገር ሰው! እኔ ይቺን ሳገኝ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። አንቺም ትነሺያለሽ። ከዚያ «ጆንሰን የጎጃምን የቅኔ ቤት ያውቅ ነበር» ብለሽ መጻፍ ያምርሻል። እንዳታደርጊው። ማወቁን የሚያሳይ ነገር በእጅሽ የለም። ኢምላክ ጎጃሜ መሆኑ በጽሑፉ ውስጥ አለ። ላንቺና ለኔ ያ ቃል ቅኔ ቅኔ መሽተቱ ግን የኛ ነው፤ ፋይዳ ነው። በሁለተኛው ላይ ደስ የሚል መጣጥፍ ይጻፋል። ሲኒየር ኤሴይ አይጻፍም። እግረ መንገዴን፣ «ሰምና ወርቅ» የሚለውንም ተይው። እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ውስጥ ከሦስት ኤሴይ አንዱ በሰምና ወርቅ ነው የሚጀምረው። ፈታኞቹም ሰው ናቸው፣ ይሰለቻቸዋል።

የኛ መጻሕፍት መምህራን ይህን ጉዳይ ሳይጨነቁበት ሲሠሩበት ኖረዋል። አንድምታውን ሰምተሽ ከሆነ፣ አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» ብለው ይፈቱታል። ደግመው «አንድም» ይላሉ። ሦስትና አራት ፍቺ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ግን ንባቡ የማይሸከመውን አምጥተሽ «አንድም» ብትይ የኔታ ዝም አይሉሽም። አድቫይዘርሽንም እንደ የኔታ ቁጠሪያቸው። እሳቸው «ኢትዮጵያን ተያት» ሲሉሽ «ንባቡ ላይ አሳዪኝ» ማለታቸው ይሁን።

ታዲያ ንባቡ ላይ ምን አለ? እዚህ ጋ ነው ግሸን የምትጠቅምሽ።

ለአንድ የለንደን አንባቢ ሸለቆው ገነት ነው። ራሴላስ ከገነት የወጣው ስለሰለቸው ነው። ላንቺ ግን የመሳፍንት አምባ ሲባል የመጀመሪያው ነገር ድሎት አይደለም። ሥልጣን ነው። የንጉሥ ልጆች አምባ ላይ የሚቀመጡት ዙፋኑን እንዳይሻሙ ነው። ከግሸን በኋላ፣ በጎንደር ዘመን፣ ቦታው ወህኒ አምባ ሆነ። ቃሉ ዛሬም በአፋችን እስር ቤት ነው። ጆንሰን ብዕሩን ሲያነሣ ጎንደር ላይ የነገሡት አፄ ኢዮአስ ነበሩ፤ መሳፍንቱም ወህኒ ላይ ነበሩ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1769፣ አፄ ዮሐንስ 2ኛ ከወህኒ ወርደው ሲነግሡ አንድ እጃቸው ቆራጣ ነበር። ለማምለጥ ሞክረው የተቀጡት ቅጣት ነው ይባላል። ከአምባ ማምለጥ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ጆንሰን አያውቅም፤ አንቺም ያውቅ ነበር አትበዪ። ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ራሱ ጽፎታል፦ ራሴላስ የተዘጋበት የአልጋ ወራሽነት ተራው ወደ ዙፋን እስኪጠራው ድረስ ነው ይላል። ይህን ያላነበበው አንባቢው እንጂ ደራሲው አይደለም።

እንግዲህ ይህን ዓይን ይዘሽ መጽሐፉን እንደገና ሂጂበት። ምዕራፍ 8 ላይ የኢምላክ አባት፣ ሀብታሙ ነጋዴ፣ የአገር ገዢዎች እንዳይዘርፉት ገንዘቡን ይደብቅ ነበር ሲባል ራሴላስ ይቆጣል። እኔ ንጉሥ ብሆን ኖሮ ታናሹን ዜጋዬን እንኳ በድሎ የሚያመልጥ አይኖርም ይላል። ንጉሥ ብሆን! ደስታ ፍለጋ የወጣ ልጅ ነው ወይ ይሄ? ምዕራፍ 44 ላይ ደግሞ ምናብ ሰውን ወዴት እንደሚያደርስ ሲወያዩ እያንዳንዱ የራሱን ይናዘዛል። የራሴላስ ኑዛዜ ፍጹም የሆነ መንግሥት ማለም ነው። ሕግ ያወጣል፣ በደል ያርማል፣ በብቻው። ከዚያ አንድ ነገር ይጨምራል። የአባቴንና የወንድሞቼን ሞት ያን ጊዜ እንዴት ባለ ትንሽ ጭንቀት እንዳሰብኩት ሳስብ እደነግጣለሁ ይላል።

አራተኛ ልጅ መሆኑን አትርሺ። ሦስት ወንድሞች ይቀድሙታል።

ብዙ ሰው ይቺን ዓረፍተ ነገር «ምናብ አደገኛ ነው» ለሚለው ትምህርት ማሳያ አድርጎ ያልፋታል። አያትሽ ግን ብትነበብላቸው ወዲያው ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ። አሁን ምዕራፍ 49ን ክፈቺ። ምኞት ሲወራ ነካያ የተማሩ ሴቶች ኮሌጅ አቋቁማ መምራት ትመኛለች። (ይህች ደግሞ ራሷን የቻለች ኤሴይ ናት፤ ለሌላ ሰው እንተዋት።) ፐኩዋ የገዳም እመ ምኔት መሆን ትፈልጋለች። ራሴላስስ? ትንሽ መንግሥት። ፍርዱን በራሱ አፍ የሚሰጥባት፣ ሁሉን በዓይኑ የሚያይባት። ግን የግዛቱን ድንበር ሊወስን አልቻለም፤ የዜጎቹን ቁጥር ሁልጊዜ ይጨምር ነበር ይላል ጆንሰን። ሳቅሽ የት እንደነበር አሁን ገባሽ?

ከዚያ ይመለሳሉ። ወደ አቢሲኒያ። በ1959፣ መጽሐፉ ሁለት መቶ ዓመት ሲሞላው፣ ጆርጅ ሸርበርን የሚባል ምሁር «ራሴላስ ይመለሳል፤ ወደ ምን?» ብሎ ጠየቀ። ወደ ሸለቆው ነው እንዳትዪ፤ ጽሑፉ ወደ ሸለቆው አይልም፤ ወደ አቢሲኒያ ነው የሚለው። ታዲያ ከአምባ ያመለጠ፣ ካይሮ ድረስ ሄዶ የዓለምን ነገር አይቶ የመጣ አራተኛ ልጅ ሲመለስ አባቱ ምን ያደርገዋል? የደስታ ፈላስፎች ይህን አልጠየቁም። አንቺ ጠይቂው። ከዚህ በላይ ብናገር ግን ኤሴይሽን ጻፍኩልሽ ማለት ነው። እዚህ ላይ አፌን ልያዝ።

ለፕሮፖዛሉ ጥቂት ነገር። ርዕስሽ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለውን አታስቀድሚ። ራሴላስን አስቀድሚ፤ ወራሽነትን፣ ሥልጣንን አስቀድሚ። ግሸንና ወህኒ ሁለተኛ ክፍል ላይ ይምጡ፣ ማስረጃ ሆነው። መጽሐፉ አጭር ነው፤ ሁለት ጊዜ ታነቢዋለሽ። የሎቦም የጆንሰን ትርጉም ጉተንበርግ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። ጊዜ ካገኘሽ ደግሞ ሲራክ ኅሩይ፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ፣ ራሴላስን ወደ አማርኛ መልሰውታል። አዲስ አበባ ስትመጪ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ። ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጠሽ «የማይመረመር የፈጣሪ ፈቃድ» የሚለውን ቦታና ያቺን የነፋስ መስመር በአማርኛ እንዴት እንዳስኬዷቸው እይ። አንድ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ቢወጣሽ እንኳ ለዲፌንስ ቀን ስንቅ ነው።

ጓደኞችሽ «ያሉሽን ጽፈሽ ተመረቂ» ያሉት ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ግማሹ ልክ ነው። አድቫይዘርሽ የሚሉሽን ጻፊ፤ ስለ ደስታ ጻፊ። ንጉሥ መሆን የሚያምረው ልጅ ደስታን እንዴት ያገኘዋል ብለሽ ጻፊ። እሳቸውም ያሉሽ ይሄንኑ አይደል? በሁለቱ መምህራን መካከል ወሬ እንዳታመላልሺ ግን። አድቫይዘርሽ ጋ ሄደሽ «እሳቸው እንዲህ አሉኝ» ካልሽ ነገሩ ከጆንሰን ወጥቶ የዲፓርትመንት ፖለቲካ ይሆናል፤ የምትቀጠቀጪው አንቺ ነሽ። ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ሂጂ። ፕሮፖዛሉን አትውሰጂ። ምዕራፍ 8፣ 44 እና 49ን ፎቶ ኮፒ አድርገሽ፣ ሦስቱን መስመር አስምረሽባቸው ውሰጂ። «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ፤ እነዚህን ሦስት ቦታ አብረን እናንብባቸው» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ፣ እሳቸው ያንብቡ።

አያትሽ መስከረም ላይ ግሸን ሲወጡ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። በሩ ላይ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ሸለቆው ምን ይመስላል?